የወይዘሮ ፋንታዬ የፈረንጅ ውሻ

ብሩ ውሻውን ይዞ ሆሳዕና የገባው በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጓደኛው ባዋሰው ፒክአፕ ከኋላ አስሮ ነበር ያመጣው። እናቱ ወይዘሮ ፋንታዬ የግቢውን በር ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ሳይሆን ጥጃ የሚያክል፣ ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡናማ፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ ውሻ ነበር።

«ለሁለት ወር ብቻ ነው፣ እማዬ» አለ ብሩ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩ አዲስ አበባ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ጥሩ ደመወዝ ያገኝ ነበር። ግቢ ያለው ቤት ተከራይቶ ሳለ ይህን ውሻ በስልሳ አምስት ሺህ ብር ገዛ። የቤቱ ኪራይ ሲጨመርበት ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተዛወረ። እዚያ ደግሞ ጎረቤቶቹ ለኮሚቴው ከሰሱት።

«ንጹሕ ጀርመን ሸፐርድ ነው» አላቸው እናቱን። «ወረቀት አለው።»

«የምን ወረቀት?»

«የዘር ወረቀት። አባቱ ማን እንደሆነ፣ እናቱ ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደተወለደ።»

«እኔ እንኳ የልደት የምስክር ወረቀት የለኝም» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ በሩን ለመኪናው ወለል አድርገው እየከፈቱ።

ወይዘሮ ፋንታዬ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አባታቸው ከጎንደር በአስተማሪነት ተመድበው መጥተው ሆሳዕና የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አግብተው፣ ባላቸውንም እዚሁ ቀብረዋል። የሚተዳደሩት በአራት ሺህ አንድ መቶ ብር ጡረታና በግቢው ውስጥ ባሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች ነው። ለውሻ የተመደበ ገንዘብ አልነበራቸውም። ብሩ በየወሩ ሦስት ሺህ እንደሚልክ ቃል ገባና ሬክስ የሚባለውን ውሻ ከጓሮው ዋንዛ ጋር አስሮ፣ አንገቱን አቅፎ ተሰናብቶት ሄደ።

የመጀመሪያው ወር ብዙ አስተማራቸው። ሬክስ ሽሮ አይበላም። ቆጮ ሲሰጡት አሽትቶ ትቶት ይሄዳል። የበቆሎ ገንፎ የሚቀምሰው ሥጋ የነካው እንደሆነ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ሁለት ዶሮዎች ገደለ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ከፈሉ። በሦስተኛው ሳምንት ከሁለቱ ተከራዮች አንዱ፣ ምስክር የሚባለው የኮሌጅ ተማሪ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ውሻውን ማስፈቀድ ሰልችቶኛል ብሎ ክፍሉን ለቀቀ። ክፍሉ ሁለት ወር ባዶ ከረመ። ያም ሌላ አምስት ሺህ ብር ነው።

ሁለተኛዋ ተከራይ ትርሲት ግን በሌላ ዓይን አየችው። ትርሲት ነርስ ስለሆነች ከሥራ አምሽታ ትገባለች። በጥር ወር ሌቦች በሰፈሩ ሦስት ግቢ ገብተው የውሃ ቆጣሪና የታጠበ ልብስ ሳይቀር ሲወስዱ የወይዘሮ ፋንታዬን በር አልነኩም። ትርሲት በወሩ መጨረሻ ኪራይዋን ስትከፍል ሦስት መቶ ብር ጨምራ ሰጠቻቸው።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሏት።

«የሬክስ ነው፣ እትዬ። በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ደስ ይለኛል። በየወሩ እጨምራለሁ።»

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ወይዘሮ ፋንታዬ ጾም አፍርሰው አያውቁም፤ በቤታቸው ድስት ውስጥ በዚህ ወቅት ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ውሻውም ከእሳቸው ጋር ሃምሳ አምስት ቀን ይከርማል ብለው ወሰኑ። ገንፎውን በዘይትና በምስር እያሹ ሰጡት። በአሥራ አምስት ቀኑ የሬክስ ጎድን መቆጠር ጀመረ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጠጉርም በእጅ ሲነካ እፍኝ እፍኝ ይነሳ ነበር።

የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያለውን ወጣቱን ዶክተር አክሊሉን አስጠሩት። አክሊሉ የዶዮገና ልጅ ነው፤ ረጋ ብሎ የሚናገር። የውሻውን ድድና ዓይን ካየ በኋላ «እትዬ፣ ውሻ አይጾምም» አላቸው።

«በእኔ ቤት የሚኖር ይጾማል።»

«እንግዲያው ይሞታል። እንዲህ ዓይነቱ ውሻ እንደኛ ሰፈር ውሻ አይደለም። የሰፈሩ ውሻ ያገኘውን በልቶ ያድራል። ይኸኛው ካልተመገበ፣ ካልተከተበ፣ የትል መድኃኒት ካልወሰደ አይችልም።»

በማግሥቱ ወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የአሕመዲን ሥጋ ቤት ሄዱ። በር ላይ እንደደረሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ለውሻው ነው» አሉ።

አሕመዲን ከቢላዋው ቀና ብሎ አያቸው። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ነበር የዋሉት። «አይጨነቁ፣ እትዬ። እኔም እየጾምኩ ነው የምቆርጠው» አለና አንድ ሙሉ የበሬ ሳንባ በፌስታል ጠቀለለላቸው። ሁለት መቶ ብር። በሳምንት ሦስት ያስፈልግ ነበር። ከጓሮ ሦስት ጉልቻ ተክለው፣ ለሰው የማይነካ ድስት ገዝተው፣ ሳንባውን ከበቆሎ ዱቄት ጋር መቀቀል ጀመሩ። ሲቀቅሉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ሬክስ ከጎናቸው ተቀምጦ ድስቱን ሳይሆን እሳቸውን ያያል።

በመጋቢት ከብሩ የሚመጣው ገንዘብ ቆመ። ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሺህ ብር ልኮ ነበር። ሲደውሉለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ይላቸዋል። ሁለቱ ወርም አልፎ ሦስት ሆነ። የውሻው ምግብ በወር ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ይፈጃል። ከጡረታቸው የሚቀረው አምስት መቶ ብር ነው ማለት ነው።

በግንቦት አክሊሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊሰጠው መጥቶ ሳለ አንድ ሐሳብ አመጣ። ዱራሜ ላይ ሆቴል ያላቸው አቶ ሆሴዕ የሚባሉ ሰው ሴት ሸፐርድ አለቻቸው፤ የሚያዳቅሏት ዘሩ የታወቀ ወንድ ይፈልጋሉ፤ ይከፍላሉም።

ወይዘሮ ፋንታዬ ፊታቸውን አዞሩ። «በዚህ ዕድሜዬ በውሻ ጋብቻ ልደልል?»

«ቡችሎቹ ከተወለዱ አሥራ ሁለት ሺህ እከፍላለሁ ነው የሚሉት።»

ፊታቸውን መለሱና «ስልካቸውን ስጠኝ» አሉት።

ወደ ዱራሜ የሚሄዱት ሚኒባሶች ያን ውሻ አንጭንም አሉ። በደርሶ መልስ ሦስት ሺህ ብር ኮንትራት መኪና ያዙ። አንጋጫን አልፈው ጠመዝማዛው ላይ ሬክስ አስታወከ፤ ሹፌሩ ለማሳጠቢያ ሁለት መቶ ብር ጨመረባቸው። አቶ ሆሴዕ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እንግዳቸውን ምሳ ካበሉ በኋላ ስለ ውሻው ጠየቁ።

«ወረቀት አለው ብሎኛል አክሊሉ። ይዘውታል?»

«ልጄ ጋ ነው፣ አዲስ አበባ።» ወዲያው ብሩ ጋ ደወሉ። ብሩም «አለ፣ ሻንጣ ውስጥ ነው» አለ።

«እንግዲህ ውሉን እርስዎ ይጻፉት» አሉ አቶ ሆሴዕ። «የመዝገብ ቤት ሰው ነዎት። የእርስዎ ቃል ይበቃኛል።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ውሉን በሁለት ቅጂ ጻፉት። በሁለተኛው ተራ «የዘር ማረጋገጫ ወረቀት ያለው ወንድ ውሻ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ከፍተው ሳያዩ የፈረሙበት ፋይል አልነበረም። ይህን ያን ጊዜም አስበውት ነበር፤ ግን ልጄ አለ ብሎኛል ብለው አለፉት።

በሐምሌ ስምንት ቡችሎች ተወለዱ፤ አንዷ ሞታ ሰባት ቀሩ። አቶ ሆሴዕ አሥራ ሁለቱን ሺህ ብር በቀኑ ላኩ። ወይዘሮ ፋንታዬ በገንዘቡ ምስክር በለቀቀው ክፍል ላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ አስቀየሩ፤ ክፍሉን በመጋቢት የተከራዩት ባልና ሚስትም ስለ ውሻው ጠይቀው፣ አይተውት፣ ወደውት ነበር የገቡት። በዚያ ክረምት ወይዘሮ ፋንታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻውን በስሙ ሲጠሩት ትርሲት ሰማች።

ጥቅምት ላይ ብሩ ሳይደውል መጣ። ከስቷል። ጫማው አዲስ አበባ የሚያደርገው ዓይነት አልነበረም። እራት ከበሉ በኋላ ነገሩን አወጣ።

«ገዢ አግኝቻለሁ፣ እማዬ። ሱራፌል የሚባል፣ ትልቅ ቤት ያለው ሰው ነው። ዘጠና ሺህ ይሰጣል። ነገ ራሱ መጥቶ ያየዋል።»

«ዘጠና ሺህ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። ውጭ ሬክስ ሰንሰለቱን ሲጎትት ይሰማል። «ወረቀቱን አመጣኸው?»

ብሩ ከቦርሳው ሰማያዊ ማኅደር አውጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ልማዳቸው ከላይ ጀምረው አነበቡት። እንግሊዝኛቸው ብዙ ባይሆንም ቅጽ ማንበብ ያውቁበታል። ስም ከሚለው ፊት ለፊት «ሉና» ይላል። የትውልድ ዘመኑ ብሩ ውሻው ተወለደ ከሚለው በሁለት ዓመት ይቀድማል። ጾታ በሚለው ቦታ ላይ ሴት ተብሎ ተጽፏል።

ደግመው አነበቡት። ከዚያ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አዙረው ጣታቸውን ቦታው ላይ አደረጉለት።

ብሩ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «የሌላ ውሻ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አንብበኸው አታውቅም?»

«ማኅተም አለው። ማኅተሙን አየሁና…»

«ሻጩስ?»

«ስልኩ አይሠራም። ውሻውን ከሸጠልኝ ከአንድ ወር በኋላ ጀምሮ አይሠራም።»

ከዚያ ብሩ ወደ እናቱ ሳያይ «ሱራፌል ውሻውን ነው የሚያየው። ወረቀቱን ገልጦ ላያነብ ይችላል። እኔም አላነበብኩትም» አለ።

«እኔ ግን አንብቤዋለሁ» አሉት። «ዱራሜ ላይ ደግሞ ወረቀት አለው ብዬ ፈርሜያለሁ።»

በማግሥቱ ሱራፌል መጣ። ሬክስን አስነሥቶ አስሄደው፤ ጥርሱን አየ፤ ትከሻውን ዳሰሰ፤ ደስ እንዳለው ያስታውቅ ነበር። ብሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ወይዘሮ ፋንታዬ ማኅደሩን ለእንግዳው ሰጡና «ይህ ወረቀት የዚህ ውሻ አይደለም። ይዩት» አሉ።

ሱራፌል አነበበ፤ ፈገግ ብሎ መለሰላቸው። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ውሻው ጥሩ ውሻ ነው። ዘሩም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ግን ማስረጃ ለሌለው ከሠላሳ ሺህ በላይ አልሰጥም።»

ብሩ «እሺ» ሊል ሲል እናቱ «ትንሽ እንነጋገርበት» ብለው ልጃቸውን ወደ ውስጥ ጠሩት። ደብተራቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ስማኝ። የአሥር ወር ምግቡ ሠላሳ ስድስት ሺህ ነው። ትርሲት የጨመረችው ለድስቱና ለሰንሰለቱ ሄዷል። አንተ የላክኸው ዘጠኝ ሺህ ነው። ዱራሜ ያስገባው መንገዱ ተቀንሶ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ። ዶሮዎቹ፣ ባዶ የከረመው ክፍል፣ ክትባትና መድኃኒቱ ሲደመር ስምንት ሺህ አራት መቶ። ከእኔ ኪስ የወጣው ሃያ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው። ከሠላሳው ሺህ ላይ ይህን ካነሳሁ ላንተ የሚደርስህ ሦስት ሺህ አራት መቶ ነው።»

ብሩ ደብተሩን አየው። ሒሳብ ሥራው ነው፤ ስሕተት አላገኘበትም።

«ሦስት ሺህ አራት መቶውን እኔ እሰጥሃለሁ» አሉት። «ውሻው ይቀመጣል።»

«ለምን፣ እማዬ? በየወሩ እየከሰርሽበት?»

ደብተሩን ዘጉት። «አሁን አንተ ንገረኝ» አሉት። «ሥራ ከለቀቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ብሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድርጅቱ የተዘጋው በየካቲት መጨረሻ ነበር። ስምንት ወር ከጓደኛ ቤት ጓደኛ ቤት ሲዞር ኖሯል። ኮንዶሚኒየሙንም በሚያዝያ ለቅቆታል። ዘጠና ሺሁን አዲስ አበባ ለመቆየት ነበር ያሰበው። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወይዘሮ ፋንታዬ አጠገቡ ተቀምጠው እስኪረጋጋ ጠበቁት፤ ከዚያ ወጥተው ሱራፌልን ውሻው እንደማይሸጥ ነግረው፣ ለደከመበት ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት።

ማክሰኞ ዕለት እናትና ልጅ በሚኒባስ ዱራሜ ሄዱ። ወይዘሮ ፋንታዬ የውሉን ቅጂና ሰማያዊውን ማኅደር አቶ ሆሴዕ ፊት አስቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። አቶ ሆሴዕ ፊታቸው ጠቆረ።

«አምስቱን ቡችሎች የአባታቸው ወረቀት አለ ብዬ ነው የሸጥኩት። እያንዳንዱን በሃያ ሺህ።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ባይነግሩኝ ማን ያውቅ ነበር?»

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

አቶ ሆሴዕ ስልካቸውን አንሥተው እዚያው እፊታቸው ለገዢዎቹ አንድ በአንድ ደወሉ። ጃጁራ ያለው የበርበሬ ነጋዴ መሐመድአሚን በድምፅ ማጉያው ሲስቅ ተሰማ። «ወረቀቱን ምን አደርገዋለሁ? ሌባ ሲመጣ ወረቀት አያሳይልኝ» አለ። ሌሎች ሦስቱም ቡችሎቹን ለምደዋቸዋል፤ አንዱ ብቻ ትንሽ አጉረመረመ። ሾኔ ያለው አምስተኛው ሰው ግን ወረቀቱን ብዬ ነው ያን ያህል የከፈልኩት፣ አምስት ሺህ ይመለስልኝ አለ።

«አምስቱን ሺህ እርስዎ ይችሉታል» አሉ አቶ ሆሴዕ ስልኩን ዘግተው።

«ልክ ነው።» ወይዘሮ ፋንታዬ ሁለት ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡ፤ ሦስት ሺሁን በሁለት ወር ለመጨረስ ጻፉ። አቶ ሆሴዕ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ሻይ አዘዙ። መኪና ሲሳፈሩ ደግሞ መስኮቱ ጋ ቀርበው «ቡችሎቹ ያማሩ ናቸው። በጥር እንደገና ካመጡት አምስት ሺህ እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልችልም» አሉ።

«አስብበታለሁ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

ብሩ አዲስ አበባ አልተመለሰም። በኅዳር መናኸሪያው አጠገብ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ጅምላ ነጋዴ ሒሳብ እንዲይዝለት ቀጠረው፤ ደመወዙ ከድሮው እኩሌታ ያንሳል። ነጋዴው የመጋዘኑ ብረት እየተሰረቀ ተቸግሮ ስለነበር ውሻ እንዳለው ሲሰማ በወር ሁለት ሺህ ብር ልከራየው አለ። ብሩ ማታ ማታ ሬክስን ወደ መጋዘኑ ይወስደዋል፣ ጠዋት ይመልሰዋል። ሾኔ ላለው ሰው የሚሄደውን ቀሪ ገንዘብም እናቱ ሳይጠይቁት ከመጀመሪያ ደመወዙ ከፈለ።

አንድ እሑድ ትርሲት ከሥራ ወጥታ ስትገባ ወይዘሮ ፋንታዬ ከጓሮ ድስቱን ያማስሉ ነበር። ቆም ብላ አየቻቸው።

«መጋዘኑ ሁለት ሺህ ይከፍላል። እኔ ሦስት መቶ እጨምራለሁ። አሁን እንኳ አያከስርዎትም አይደል፣ እትዬ?»

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ ያከስረኛል» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። «በየወሩ።»

«እሱንስ ማን ይችለዋል?»

«እሱ የኔ ነው» አሏትና፣ ገንፎው ሬክስን እንዳያቃጥለው ድስቱን አውርደው ነፋስ ላይ አስቀመጡት።